የዘፈዘፍንበት ውሃ ይደፋ ወይስ ይቀቀልበት?

ጠያቂዋ፦ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ባቄላ ክኩንና ስንዴውን ለየብቻ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ጠዋት የባቄላው ውሃ ቢጫ ሆኖ አረፋ ይዟል። ልደፋው ስል አማቴ "ጉልበቱን ልትደፊው ነው?" አሉኝ። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

የልጆች እናት፦ አማትሽ እውነት አላቸው። የቢ ቫይታሚኖች ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ፎሌትና ፖታሺየምም እንደዚያው። ነፍሰ ጡር ሆነን ፎሌት በኪኒን እየዋጥን፣ እቤት ያለውን መድፋት ግፍ ነው።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ የሚወጣው ጥሩው ብቻ ቢሆን እስማማ ነበር። ሆድ የሚነፉት ስኳሮችም አብረው ይወጣሉ። ፊቲክ አሲድም በከፊል ይቀንሳል። እሱ ደግሞ ብረትና ዚንክን ጠፍሮ ይይዛል። ሳህን ላይ ያለ ብረት ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም። ፎሌቱም ቢሆን ሲቀቀል በሙቀት ይጎዳል።

የደምቢያ ልጅ፦ እባካችሁ ጓያን አትርሱ! "ውሃው አይደፋ" የሚል ምክር ጓያ የሚበላ ሰው ጆሮ ከገባ እግር ያሳጣል። ኦዳፕ የሚባለው የጓያ መርዝ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ መቀቀል የሚመከረው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ጨርሶ አይጠፋም። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ያልቃል፣ ጓያው ይቀራል። ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ ነው የሚሰበረው፣ ማለትም እግሩ ሽባ የሚሆነው። የጎረቤታችን ልጅ በሁለት ምርኩዝ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጉልበቶቹ ይጣበቃሉ፣ የሚረግጠው በጣቶቹ ጫፍ ነው። የተሰበረ እግር ደግሞ አይመለስም።

የልጆች እናት፦ ይሄን አላሰብኩትም። በጓያ እጄን ሰጥቻለሁ። በባቄላ ግን አልሰጥም፤ የሆዱን መነፋት እችለዋለሁ።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ ጤነኛ ሰው ባቄላውን እንደወደደ ያድርግ። የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ፖታሺየም እንዲቀንስ ከተነገረው ይድፋው። የቀይ ቦሎቄም ውሃ ይደፋ፤ ከዚያ ቦሎቄው በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። በለስላሳ እሳት ብቻ ከበሰለ ያስመልሳል። ስንዴ ላይ የሚመጠውን ያህል ውሃ ብቻ ብትጨምሩ ጠዋት የሚደፋ አይኖርም።

ጠያቂዋ፦ ሁሉንም ለአማቴ አነበብኩላቸው። ጓያው ጋ ስደርስ ዝም አሉ። ቆይተው "የባቄላውን ድፊው፣ የስንዴውን ተዪልኝ" አሉኝ።