ባቅላባ የማን ነው? የቱርክ ወይስ የግሪክ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአክስቴ ልጅ እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ አነስተኛ ኬክ ቤት ሊከፍት ቤቱን አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ የዋጋ ዝርዝሩን የመጻፉን ሥራ ደግሞ ለእኔ ሰጥቶኛል። በሌላው ሁሉ ተስማምተን ባቅላባ ላይ ስንደርስ ተለያየን። እርሱ ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ከአንድ ነባር ባለሙያ ዘንድ ሲሆን፣ መምህሩ «የቱርክ ባቅላባ» ይሉት ስለነበር እንዲሁ ይጻፍልኝ ይላል። ታላቅ እኅቴ ግን አቴንስ ለብዙ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ እዚያ የነበሩት አሠሪዋ በየበዓሉ በገዛ እጃቸው ይሠሩት እንደነበረና ከአያቶቻቸው የወረሱት የግሪክ ጣፋጭ እንደሆነ አጥብቀው ይነግሯት እንደነበረ ስትናገር «የቱርክ» የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም።

ለመሆኑ ከሁለቱ ወገን እውነቱን የያዘው ማን ነው? ደግሞስ አንድ አገር የአንድን ጣፋጭ ስም «የእኔ ነው» ብሎ በሕግ ሊያስከብር ይችላልን? ለአንድ የጎጃም ኬክ ቤት ዝርዝር ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የሰውን ሥራ በባለቤቱ ስም መጥራት የጨዋ ወግ ነው ብዬ ስለማምን፣ ሳላጣራ መጻፍ አልፈለግሁም።

መልስ 1፣ ከባሕር ዳር (የታሪክ መምህር)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ መጀመሪያ እንለያቸው። ባቅላባ የሚለው ስምና ዛሬ የምናውቀው መልክ ከየት መጣ የሚለው አንድ ጉዳይ ነው፤ በሊጥ ንብርብር መካከል ለውዝና ማር ማድረግን ማን ጀመረው የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ተከራካሪዎቹ አንዱን ሲጠየቁ በሌላው ስለሚመልሱ ነው ነገሩ እልባት ያጣው።

በመጀመሪያው ጉዳይ የጽሑፍ ማስረጃው ወደ ኦቶማን ቤተ መንግሥት ያደላል። የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የወጥ ቤት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1473፣ ማለትም ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) በሱልጣን ዳግማዊ መሕመድ እጅ ከገባች ከ20 ዓመት በኋላ፣ በቤተ መንግሥቱ ባቅላባ መጋገሩን ያሳያል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ረመዳን በገባ በ15ኛው ቀን ሱልጣኑ የኒቸሪ ለሚባሉት ወታደሮቹ ለ10 ሰው አንድ ትሪ እየታሰበ ባቅላባ ያድል ነበር፤ ወታደሮቹም ትሪዎቹን በጨርቅ ቋጥረው፣ በእንጨት ላይ አንጠልጥለው፣ በሰልፍ ወደ ሰፈራቸው ይወስዱት ነበር። ይህ ሥርዓት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1826 የየኒቸሪ ጦር በፈረሰ ጊዜ ነው። ስስ ቂጣውም በቱርክኛ ዩፍካ ይባላል፤ የዚህን ቃል ጥንታዊ መልክ ማሕሙድ አል ካሽጋሪ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የቱርክኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ መዝግቦት፣ የታጠፈ ስስ ዳቦ መሆኑን ገልጿል።

በሁለተኛው ጉዳይ ግን ግሪኮቹ የሚያነሡት ነጥብ ባዶ አይደለም። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የግብርና መጽሐፍ ውስጥ፣ ሊጥ እየደራረቡ በየመካከሉ አይብና ማር እያደረጉ የሚጋግሩትን ፕላኬንታ የተባለ ምግብ አሠራር ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ ስሙም ከግሪክኛ የተወሰደ ነው። ይሁን እንጂ አይብ ያለበትን ምግብ የባቅላባ አባት ለማለት ብዙ መንገድ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚስበው ዐባሳውያን በተባሉት የሙስሊም ገዢዎች ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው ላውዚነጅ ነው፦ እጅግ ስስ በሆነ ሊጥ የተጠቀለለ፣ ውስጡ የተፈጨ ለውዝ ያለበትና በጣፋጭ ፈሳሽ የራሰ ነበር። ስሙ የመጣው ለውዝ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ይኸው ቃል በእኛም ዘንድ አለ፤ በዘኍልቍ 17፥8 የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ይህ ነው። እኛ ዛሬ ለኦቾሎኒውም ለሌላውም በአንድ ስም ስለምንጠራው የቃሉን መንገድ ዘንግተነዋል።

ግሪኮችና ቱርኮች አንዱ የሌላውን ሰርቋል እየተባባሉ የሚወቃቀሱበት ምክንያት ይበልጥ የሚገባን የኋላውን ታሪክ ስናይ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ለመቶዎች ዓመታት በአንድ መንግሥት ሥር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ከተማ፣ በጉርብትና ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 በተደረገው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት 1.2 ሚሊዮን ያህል ኦርቶዶክሳውያን ከአናቶሊያ (ከዛሬዋ ቱርክ ምድር) ወደ ግሪክ፣ 400 ሺህ ያህል ሙስሊሞች ደግሞ ከግሪክ ወደ ቱርክ ሄዱ። ከአገሩ የተነቀለ ሰው ቤቱንና እርሻውን ትቶ ይሄዳል፤ የእጁን ሙያ ግን ይዞ ነው የሚሄደው። የእኅትህ አሠሪ «ከአያቴ የወረስሁት ነው» ሲሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ያቺ አያት የተወለደችው በቱርኳ ኢዝሚር ይሁን በአቴንስ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በእኔ ፍርድ ባቅላባ የዛሬ መልኩን ያገኘው በኦቶማን ኢስታንቡል ነው፤ ቅርሱ ግን በዚያ መንግሥት ሥር የኖሩት ሁሉ ነው።

መልስ 2፣ ከባሕር ዳር (የኬክ ቤት ባለሙያ)

መምህሩ ታሪኩን ስላብራሩልን አመሰግናለሁ። እኔ በእጄ ከማውቀው ልጨምር።

የባቅላባ ሙያ ያለው በሊጡ ነው። ሊጡን በትንሽ በትንሹ ቆርጠን ካሳረፍነው በኋላ፣ ስታርች እየነሰነስን፣ ከአውራ ጣት በማይወፍር ረጅም መዳመጫ ከሥሩ ያለው ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ እናሳሳዋለን። ይህን መዳመጫ ቱርኮች ኦክላቫ ይሉታል። እያንዳንዱን ቅጠል ቅመም ባልገባበት ንጥር ቅቤ እየቀባን እንደራርባለን፤ ከመጋገሩ በፊት በስለት እንቆርጠዋለን፤ ከወጣ በኋላ ሽሮፑን ስናፈስበት የሚሰማው የመንጨርጨር ድምፅ ካልተሰማ ሥራው እንደተበላሸ ወዲያው አውቃለሁ። የግሪኮቹ ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ የኮክ ፍሬ የሚመስለውን ዋልነት፣ ቀረፋና ማር የያዘ ነው፤ በቱርኳ ጋዚአንቴፕ ከተማ የሚሠራው ደግሞ አረንጓዴውን ፒስታቺዮ ይይዛል። ግሪኮቹ በክርስቶስ ዕድሜ ልክ 33 ቅጠል ይደራርባሉ ሲባልም ሰምቻለሁ።

እኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም። እኔ የምጠቀመው ከመተከል በኩል የሚመጣውን ኦቾሎኒ ነው፤ በዐቢይ ጾም ቅቤውን በዘይት እተካለሁ። ማር ስጠቀምም ብቻውን ካፈሰስሁት ቅጠሉን አጣብቆ ስለሚያደነድነው፣ እንደ ብርዝ በውኃ አቅጥኜ አፍልቼ ነው የምጨምረው። ስለዚህ በእኔ ትሪ ላይ ያለው ነገር የቱርክም የግሪክም ነው ብሎ መጻፍ ይከብደኛል። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ሆቴል በዚሁ በኦቾሎኒው ላይ «ትክክለኛ የቱርክ ባቅላባ» የሚል ጽሑፍ እንድናደርግ ታዝዘን ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ቱርካዊ መንገደኛ ቀምሶ «ጣፋጭ ነው፣ ግን ይህን ስም ባትሰጡት» ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሥራዬ አላፈርሁም፤ በጽሑፉ ግን አፍሬአለሁ።

መልስ 3፣ ከደጀን

በሕግ በኩል የተነሣው ጥያቄ ስላልተመለሰ እኔ ልሞክር። መምህሩ «የሁሉ ነው» ወደሚለው ማዘንበላቸውን ግን በግማሽ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ጣፋጮች በተዋወቁበት ዝግጅት ላይ ቆጵሮስ በባቅላባ በመወከሏ የቱርክ ባቅላባ ሠሪዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ቆጵሮስ ሉኩሚ ለተባለው ጣፋጭ፣ ጌሮስኪፑ ከምትባለው ከተማ ስም ጋር አያይዛ ከኅብረቱ የመልክዓ ምድር አመላካች ጥበቃ አገኘች። ቱርክም በተራዋ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የጋዚአንቴፕን ባቅላባ አስመዘገበች፤ ይህን ጥበቃ ያገኘ የመጀመሪያው የቱርክ ምርትም እርሱ ሆነ። ልብ በሉ፤ የተጠበቀው «ባቅላባ» የሚለው ስም ሳይሆን «የጋዚአንቴፕ ባቅላባ» የሚለው ነው። አቴንስ ያለ ጋጋሪ ዛሬም ባቅላባ ብሎ ይሸጣል፤ የጋዚአንቴፕ ነው ብሎ መሸጥ ግን አይችልም። ሕጉ መጀመሪያ ማን ፈጠረው የሚለውን አይዳኝም፤ የሚጠይቀው የምርቱ መልካም ስም ከየትኛው ቦታና ከየትኛው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን ነው።

«የሁሉ ነው» የሚለው ቃል የሚያስፈራኝ በጤፋችን ስለደረሰው ነው። ከዚህ ከደጀን እስከ ቢቸና በየማሳው የሚታየውን ጤፍ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ዱቄቱንና አሠራሩን የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶት ነበር። በሄግ ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በኔዘርላንድስ ፓተንቱን የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ውድቅ ያደረገውም እኛ ከስሰን ሳይሆን፣ ሁለት የዚያው አገር ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካስሰው ነው። በእናቶቻችን ምጣድ ላይ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ባለቤትነቱ በሌላ ሰው ክስ ላይ ተንጠልጥሎ መክረሙ እስካሁን ያንገበግበኛል። የጋዚአንቴፕ ጋጋሪዎች ስማቸውን ለማስመዝገብ መሟገታቸውን ስግብግብነት ብዬ ልጠራው ያልቻልሁትም ለዚህ ነው።

መልስ 4፣ ከባሕር ዳር (የታሪክ መምህር)

ወንድሜ፣ ስለ ጤፍ ያነሣኸው ልቤን ነክቶታል፤ አልቃወምህም። እኔ የምለው መነሻንና ባለመብትነትን አንለዋውጥ ነው። ሌላም መንገድ እንዳለ ለማስታወስ ያህል፦ አርመን እ.ኤ.አ. በ2014 ላቫሽ የተባለውን ስስ ዳቦዋን ብቻዋን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስመዘገበች፤ ከ2 ዓመት በኋላ አዘርባጃን፣ ኢራን፣ ካዛኪስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ ላቫሽንና ዩፍካን ጨምሮ የስስ ዳቦ ባህላቸውን በአንድነት አስመዘገቡ። ይህ ውሳኔ የተላለፈው እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው የኮሚቴው ጉባኤ ላይ ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ መስፈር የብቸኛ ባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱም መዝገቦች ሳይጋጩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጋዚአንቴፕ ሰው የከተማውን ስም ቢያስከብር መብቱ ነው፤ ያ ግን የአቴንሷን አያት ሌባ አያደርጋትም።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሳችሁን ሁሉ ለአክስቴ ልጅም ለእኅቴም አነበብሁላቸው። እኅቴ ስለ 1923ቱ ልውውጥ ስትሰማ ዝም ብላ ቆይታ፣ አሠሪዋ ስለ አያታቸው ሲያወሩ ቱርክኛ ቃላት ጣል ያደርጉ እንደነበረ አስታወሰች፤ ያኔ ምክንያቱ አልገባትም ነበር። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የትሪውን ይዘት መለስ ብሎ ሲያስበው፣ ከአዲስ አበባ መምህሩ ከተማረው የቀረው ሊጡና አቆራረጡ ብቻ እንደሆነ አመነ።

ዝርዝሩን ዛሬ ጽፈን ጨርሰናል። ከቡናና ከሻይ በታች እንዲህ ይላል፦ «ባቅላባ፣ በኦቾሎኒና በጎጃም ማር። የጾም አለ።»