የኮንቱር ካርታ ላይ መስመሩን እንጂ ተራራውን ማየት አቃተኝ፤ እንዴት አጠናችሁት?

ሐዋሳዊቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምማረው ሐዋሳ ነው፤ 11ኛ ክፍል፣ ሶሻል። ጂኦግራፊ በጣም እወዳለሁ። የስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር፣ የዝናብ ወቅቶች፣ የወንዞች ተፋሰስ አንዴ ካነበብኩት አይጠፋኝም። ካርታ ንባብ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ እላለሁ።

መስመሮቹ ሲጠጋጉ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሲራራቁ ደልዳላ መሬት እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። ግን «'ሀ' ቦታ ላይ የቆመ ሰው 'ለ' ቦታን ማየት ይችላል ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ ምኑም አይታየኝም። ሸለቆና ስፐር (ከተራራ ወደ ውጭ የሚወጣው አፍንጫ) ሁለቱም የቪ ቅርጽ ስላላቸው ሁሌ ይምታቱብኛል። ግራዲየንት (የዳገቱን ቀጥነት መጠን) ስሠራ ደግሞ መልሴ ከምርጫዎቹ ጋር አይገጥምም። የያዝኩት ሃንድአውት የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ቁጥሮቹ በደንብ አይነበቡም። ለማትሪክ አሁን ካልያዝኩት መቼም አልይዘውም። እባካችሁ እርዱኝ።

የጂኦግራፊ መምህር

ልጄ፣ አንቺስ ዕድለኛ ነሽ። ሐዋሳ ላለ ሰው ትልቁ ኮንቱር ደጁ ላይ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ዳርቻ ሂጂና ውሃው ዳር ቁሚ። ውሃው መሬቱን የሚነካበት መስመር ሐይቁን ዞሮ እስኪገጥም ድረስ ከፍታው አንድ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ። አንቺ የቆምሽበትም፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥበትም፣ ማዶ ያለው ዳርቻም እኩል ነው። ኮንቱር ማለት ይኸው ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር።

አሁን ውሃው 20 ሜትር ከፍ አለ ብለሽ አስቢ። አዲሱ ዳርቻ የት ይደርሳል? ከተማው በኩል ሜዳ ስለሆነ ውሃው ብዙ ይገባል። ታቦር ተራራ ጋ ግን ዳገቱን ትንሽ ወጣ ይላል እንጂ ወደ ጎን አይገፋም። ሁለቱን ዳርቻዎች ወረቀት ላይ ሣያቸው። ሜዳው ላይ ይራራቃሉ፤ ታቦር ሥር ይጠጋጋሉ። በቃልሽ የያዝሽው ሕግ ከዚህ የመጣ ነው። 20 ሜትር ያልኩሽም በከንቱ አይደለም። በብዙዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች በሁለት ኮንቱሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይህ ነው።

ወደ ቪው ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ተራራ ወገብ ላይ ሳትወጪም ሳትወርጂም ትሄጃለሽ እንበል። መንገድሽ ላይ ወንዝ የሚወርድበት ሸለቆ ገጠመሽ። በቀጥታ ልሻገር ካልሽ መውረድሽ ነው። ከፍታሽን ላለመልቀቅ ወደ ወንዙ መነሻ አቅጣጫ ትታጠፊያለሽ። የወንዙ ወለል አንቺ ያለሽበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ትሻገሪና በማዶው በኩል ትመለሻለሽ። የተራመድሽበት መስመር ቪ ሠራ፤ ሹሉም ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መነሻ ያያል። ስፐር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የተራራውን አፍንጫ ለመዞር ወደ ውጭ ትወጫለሽ፤ ሹሉ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያያል። ስለዚህ ፈተና ላይ ቅርጹን ብቻ አትዪ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን አንብቢና ከፍታው በየት በኩል እንደሚጨምር ለዪ።

ስለ መተያየቱ፦ ከላይ ደልደል ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ቀጥ የሚል ዳገት ኮንቬክስ ነው። አናቱ ላይ የቆመ ሰው ግርጌውን አያይም፤ ሆዱ ይጋርደዋል። መስመሮቹ ከላይ ተራርቀው ከታች ይጠጋጋሉ። ኮንኬቭ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ከተጠራጠርሽ ግን ክሮስ ሴክሽን፣ ማለትም መሬቱ ከጎን ሲታይ ያለውን ቅርጽ፣ ሥሪ። የወረቀት ጠርዝ በሀ እና በለ መካከል አስቀምጪ። እያንዳንዱ ኮንቱር ጠርዙን የሚነካበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ከፍታውንም ጻፊበት። ከዚያ ካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን በከፍታው ልክ ነጥብ አድርገሽ ገልብጪና ነጥቦቹን አገናኚ። ከሀ ወደ ለ በማስመሪያ ስታሰምሪ መሬቱ መስመሩን ከቆረጠው አይተያዩም። አድካሚ ነው፤ ግን በራስሽ እጅ ደጋግመሽ ካልሠራሽው ዓይንሽ አይለምድም።

ቀያሽ ነኝ

መምህር የነገሩሽ ላይ ስለ ግራዲየንቱ ልጨምር። ስህተቱ ሁሌም ከዩኒት ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 3 ሴንቲ ማለት መሬት ላይ 1,500 ሜትር ነው። የከፍታ ልዩነቱ 120 ሜትር ከሆነ 120ን ለ1,500 ታካፍያለሽ፤ 1 ለ12.5 ይመጣል። በመቶኛ 8 ነው። ኪሎ ሜትርና ሜትር ቀላቅለሽ ካካፈልሽ መልሱ ምርጫው ውስጥ አይኖርም።

ሌላው ሃንድአውትሽ ነው። ካርታ ኮፒ ሲደረግ ካነሰ ወይም ካደገ የተጻፈው 1፡50,000 ውሸት ይሆናል። በግማሽ ካነሰ 1፡100,000 ሆነ ማለት ነው። በባር (እንደ ማስመሪያ) የተሣለው ስኬል ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ ትክክል ነው። ኮፒ ላይ ስትሠሪ በባሩ ለኪ።

አዳማ 12ኛ

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። የጠቀመኝ ካርታውን ከአየር ንብረቱ ጋር አያይዞ ማጥናት ነው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወይና ደጋ። ወደ አሰላ ስትወጪ 2,400 ያልፋል፤ ደጋ ገባሽ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ በ700 ሜትር 4.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አሰላ ደርሶ ከመኪና ሲወርድ ሰው ሁሉ ጃኬት የሚለብሰው ለዚህ ነው። ኮንቱር ካነበብሽ ሙቀቱንም ሰብሉንም መገመት ትችያለሽ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ይመጣል።

ሃንድአውቱ ካልተነበበ ስልክሽ ላይ ጉግል ማፕ ክፈቺና ቴሬን (የመሬት ገጽታ) የሚለውን ምረጪ። ቀረብ ስታደርጊው ኮንቱሩ ይወጣል።

ሐዋሳዊቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወንዙን መሻገር ሳነብ ቪው ወዲያው ገባኝ! መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ክብ ሆኖ የተዘጋ ኮንቱር ሁሌ ኮረብታ ነው?

የጂኦግራፊ መምህር

አይደለም፣ ጎበዝ፤ ጥሩ ጠየቅሽ። ወደ ውስጥ ስትገቢ ቁጥሩ ከጨመረ ኮረብታ ነው፤ ከቀነሰ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ሲሆን መስመሩ ላይ ወደ ውስጥ የሚያዩ አጫጭር ሰረዞች ይደረጋሉ። እንደ ቢሾፍቱዎቹ ሆራና ባቦጋያ ያሉ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሐይቆች ዙሪያ ብታዪ መስመሮቹ ተጠጋግተው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። አሁን ታቦርን ቴሬን ላይ አውጪና ከአናቱ እስከ ሐይቁ ድረስ ክሮስ ሴክሽን ሠርተሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊው። አርሜ እመልስልሻለሁ።