ጀብዱ በስልክ፣ ሮም በወረቀት፦ ሐዋሳ ላይ ለምታነቡ

ምን እያነበብክ ነው፣ መጽሐፉንስ ከየት ታገኛለህ ለምትሉኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሰሞኑን ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይዣለሁ። አንዱ የጎራዴና የአስማት ጀብዱ ነው፣ ሌላው የሮም ታሪክ። አመጣጣቸውም አነባበባቸውም ለየቅል ነው።

ጀብዱው ኮናን ነው። ፊልሙን ብቻ ለምታውቁ፣ ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው በአውሮፓውያኑ 1932 በአንድ ርካሽ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነው። ጸሐፊው ሮበርት ሀዋርድ የቴክሳስ የገጠር ከተማ ልጅ ነበር፣ በ30 ዓመቱ ሞተ። ደስ የሚለው ነገር ቅደም ተከተል የለውም። በመጀመሪያው ታሪክ ኮናን ንጉሥ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ በሌላው ደግሞ ገና ጎረምሳ ሌባ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ ይመቻል፤ ባንክ ወረፋ ላይ ትጀምሩታላችሁ፣ ከአቶቴ ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ትቀጥላላችሁ፣ ቢቋረጥም አይጠፋባችሁም። ኩሽ የሚባል አገር አለበት፤ ጥቁር ሰዎችን የሚስልበት መንገድ ግን ያበሽቃል። እኔ አንዳንዱን ገጽ ዘልያለሁ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ስካን ፒዲኤፍ ተዉት። ፊደሉን ስታሰፉት ገጹ ከስክሪን ይወጣል፣ ግራ ቀኝ ስትጎትቱ ጎራዴው ማን ላይ እንዳረፈ ይጠፋችኋል። ኢፐብ የሚባለውን የመጽሐፍ ፋይል ፈልጉ፣ እሱ ፊደሉን ለስክሪኑ ያስተካክላል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የተወሰኑት አሉ፣ በእንግሊዝኛ።

ሮም ግን ወረቀት ይፈልጋል። የሰዎቹ ስም ይመሳሰላል፣ ልጁም አባቱም የልጅ ልጁም አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ፤ ወደ ኋላ እየገለጡ የዘር ሐረጉን ማየት ግድ ነው። ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስትገዙ መጀመሪያ መጨረሻውን ግለጡ። ካርታውና የዘር ሐረጉ እዚያ ነው፣ ቀድሞ የሚገነጠለውም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ እንዳትቀበሉ፣ ለሮም የሚመጣ ገዢ ብዙ አይደለም። አዲስ መጽሐፍ የሚሸጡት ቤቶች ጋ በአብዛኛው የአማርኛ ልብወለድና የአገራችን ታሪክ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ከሆነ ደግሞ የሽፋኑን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ፎቶ ጠይቁ።

እኔን ያዋጣኝ ኮፒ ቤት ነው። የሮሙን ጸሐፊ ሱኤቶኒየስን ከጉተንበርግ አውርዳችሁ አሳትሙት፣ የድሮ ትርጉም ስለሆነ የቅጂ መብት ጣጣ የለበትም። የንጉሠ ነገሥቱ የሀድሪያን ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው፣ ከዩልዮስ ቄሳር እስከ ዶሚጥያኖስ የ12 ሰዎችን ገመና ዘርዝሯል። ቄሳር የሎረል አክሊል የሚወደው መላጣውን ስለሚሸፍንለት ነው ይላል። ቬስፓሲያኖስ ሽንት ላይ ግብር ሲጥል ልጁ ቲቶ ነውር ነው አለው። አባትየው ከዚያው ግብር የመጣ ሳንቲም አንስቶ አፍንጫው ሥር ያዘለትና፣ ይሸታል ወይ ብሎ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ነው እንግዲህ። ሁሉንም ማሳተም ውድ ነው ካላችሁ የአንዱን ቄሳር ብቻ አሳትሙ፣ የቬስፓሲያኖስ አጭር ነው። ፊትና ጀርባ በሉ። ገጹን ሳትቆጥሩ እንዳትከፍሉ፣ አንድ ኮፒ ቤት የኔሮን አሟሟት አስቀርቶብኝ ያውቃል።

የሮምን ውድቀት የጻፈውን እንግሊዛዊ፣ ጊቦንን፣ ለጀማሪ አልመክርም። ስድስት ቅጽ ነው፣ ኢትዮጵያውያን ሺህ ዓመት ገደማ ተኙ ያለው ሰውዬም እሱ ነው። የኛን ስም ሮም ውስጥ የምትፈልጉ 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ቁሙ። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ ፍሬምናጦስን፣ የኛውን አባ ሰላማን፣ ለምርመራ ወደ ግብፅ ላኩት ይላል። ደብዳቤው የተረፈው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስለገለበጠው ነው።

ሌላውን የሮም ታሪክ ጸሐፊ፣ ታሲተስን፣ በወረቀት ሐዋሳ ውስጥ ያየ ካለ ይጠቁመኝ፣ ኮናንን በፍላሽ እሰጣለሁ።