ጭምብል ለብሶ ሌሊት ፒያሳን መጠበቅ፦ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

ጠያቂው
ሰላም ጎንደሮች። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሬ አራት ልጆች አርብና ቅዳሜ ሌሊት ጭምብልና ካባ ለብሰው በፒያሳና በአራዳ መንገዶች ሊዞሩ አስበዋል። ጠብ ሊገላግሉ፣ የሰከረውን ባጃጅ ውስጥ ሊያስገቡ፣ ከሥራ የምትወጣዋን ልጅ ሊሸኙ። ሀሳቡ የመጣላቸው ሲያትል፣ አሜሪካ ውስጥ ፊኒክስ ጆንስ በሚል ስም ከታወቀ ሰው ነው። ሰውየው ጥቁርና ወርቃማ ልብስ ለብሶ፣ ጥይት መከላከያ ደርቦ፣ ጭፈራ ቤቶች በሚዘጉበት ሰዓት ከጓዶቹ ጋር ይዞር ነበር። እኔ እቃወማለሁ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አብረን ነው ያደግነው። አንዳቸው ቢጎዱ እናታቸው ፊት መቆም አልችልም። እናንተስ?

ከአራቱ አንዱ
ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። ከወር በፊት አንድ አዝማሪ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ልጅ መሬት ላይ ጥለው ሲረግጡት አየሁ። ሀያ ሰው ቆሟል። ሦስቱ ስልክ አውጥተው ይቀርጻሉ። እኔም ቆሜ ነበር። የቆምኩት ፈርቼ ነው፣ ከደብዳቢዎቹ አንዱ የእናቴን ሱቅ ያውቃል። ጭምብል ቢኖረኝ እገባ ነበር፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ልጁ ሲነሳ አንድ እግር ጫማው የለም፣ በካልሲ እየረገጠ ሄደ። ግራጫ ካልሲ ነበር። እስካሁን ይታየኛል።

ደግሞ ልብስ ብቻውንም ይሠራል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ብዙ ተከራይ ከቤቱ ይባረር ነበር። በ1987 ሱፐርባሪዮ የሚባል ቀይና ቢጫ የለበሰ ጭምብላም ሰው ተነሳ። ሥራው ከተከራዮች ጋር ሰልፍ መውጣትና ባለሥልጣን ፊት ቆሞ መከራከር ነበር። ቦጎታ ውስጥም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከንቲባው አንታናስ ሞኩስ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ ተዋናዮችን መንገድ ላይ አሰማርቶ ነበር። ቃል ሳይናገሩ፣ በምልክት ብቻ፣ ደንብ የሚጥሰውን ሹፌርና እግረኛ ያሳፍሩት ነበር። ሰው ሲስቅ ቁጣው ይበርዳል። እኛም የምንፈልገው እሱን ነው።

ባጃጅ ነጂው
ወንድሜ፣ የካልሲው ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ሌሊት ፊቱን የሸፈነ ሰው እጁን ቢያነሳልኝ አልቆምም፣ ነዳጁን ነው የምረግጠው። በዚህ ከተማ ሰው ታግቶበት ያለውን ሸጦ የከፈለ ቤተሰብ አለ፣ ከፍሎም ሰውየውን ያላገኘ አለ። ሲያትል ላይ ጭምብል ያየ ሰው አብሮ ፎቶ ይነሳ ይሆናል። እኛ ጋ ጭምብል ማለት እገታ ነው። ደግሞ መሣሪያ የያዘ ሰው አጣርቶ እስኪጨርስ አይጠብቅም። አራታችሁ ካባ ለብሳችሁ ከጨለማ ብቅ ስትሉ፣ ሌሊት ሙሉ ተኩስ ሲጠብቅ ያደረ ሚሊሻ መጀመሪያ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል? እኔ ሬሳህን በባጃጄ መጫን አልፈልግም።

የሕግ ተማሪ ከማራኪ
ብዙ ሰው ወንጀለኛ መያዝ የፖሊስ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ግለሰብ ያለ ትእዛዝ መያዝ ይችላል ይላል። የያዝከውን ሳትዘገይ ለፖሊስ ታስረክባለህ። ለዚህ ካባ አያስፈልግህም። ካስረከብክ በኋላ ግን ምስክርነት አለ። ዳኛው ፊት ቆመህ ስምህን ትናገራለህ፣ ማን እንደመታ፣ በየትኛው እጁ እንደመታ ትናገራለህ። ያኔ ጭምብሉ የት ሊገባ ነው?

የሲያትሉ ሰውዬም የገጠመው ይሄው ነው። ጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ.) ጭፈራ ቤት አካባቢ የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ የበርበሬ ስፕሬይ ረጭቶ ታሰረ። እሱ ጠብ እየገላገልኩ ነበር አለ፣ እነሱ ደግሞ እየጨፈርን ነበር አሉ። በመጨረሻ ክስ አልተመሠረተበትም። ፍርድ ቤት ግን ጭምብልህን አውልቅ ተባለ፣ አወለቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ስፕሬዩን የረጨባት ቅጽበት ናት። በጨለማ፣ በሩቅ፣ ጠብና ጭፈራ ይምታታል። ስፕሬይ በእጁ የያዘ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቸኩላል።

ጋሼ ከአራዳ
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኛ ስናድግ ሌሊት ኡኡ ከተባለ ቤቱ የሚቀር ወንድ አልነበረም። ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን አገልድሞ ይወጣል። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ ሲነጋ ይታወቃል። የቀረው ለቅሶ ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም። ፊቱን ሸፍኖ ለኡኡታ የወጣ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ፊቱን የሚሸፍን ሽፍታ ነበር። ስለዚህ ጭምብሉን እቃወማለሁ።

እናንተ ተቃዋሚዎች ግን አትኩራሩ። ያ ልጅ ሲረገጥ ሀያ ሰው ቆሞ አይቷል። ይሄ ልጅ ቢያንስ እንቅልፍ አጥቶ መላ እየፈለገ ነው። እናንተ ምን አመጣችሁ?

አስተናጋጇ
ጋሼ እግዜር ይስጥዎት። እኔ ጭፈራ ቤት ነው የምሠራው፣ ስለ እኔ ታወራላችሁ እንጂ እኔን የጠየቀኝ የለም። የምወጣው ሌሊት 6 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የባጃጅ ኮንትራት የቀኑን ገቢዬን ይበላዋል፣ ስለዚህ በእግሬ ነው። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ተረከዙ ይሰነቀራል። የሚለክፈኝ አይጠፋም። ፊቱን የሸፈነ ወንድ መጥቶ ልሸኝሽ ቢለኝ የምሮጠው ከእሱ ነው፣ ይቅርታ።

ማን እንደሚሸኘኝ ልንገራችሁ? አንድ ዘበኛ አባት አሉ፣ ሕንፃ የሚጠብቁ። ቦታቸውን ጥለው መሄድ አይችሉም። በሩ ላይ ቆመው ባትሪያቸውን መንገዱ ላይ ያበሩልኛል። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጉታል፣ እኔ እጄን አነሳለሁ። በቃ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የገባሁት። አሁን ታመው ሥራ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው።

ጠያቂው
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ መጀመሪያ አንቺን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

ጋሼ ምን አመጣችሁ ላሉት፣ እኔ የማውቀውን ላምጣ። ለንደን ውስጥ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች የመንገድ ፓስተሮች ተብለው ጀመሩ። ማንነታቸው ጃኬታቸው ላይ ተጽፎ፣ ፊታቸው ተገልጦ፣ ሠልጥነው ነው የሚወጡት። ውሃ ያድላሉ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ይለቅማሉ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ለምትሄድ ሴት ነጠላ ጫማ ይሰጣሉ። ጠብ አይፈልጉም። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1979 ከተማውን ከወንጀል ሊጠብቁ የተነሱት ቀይ ቆብ ለባሽ በጎ ፈቃደኞች፣ ጋርዲያን ኤንጅልስ የሚባሉትም ፊታቸውን አልሸፈኑም። ግን ጀብዱ ያማልላል፣ መሪያቸው በ1992 አንዳንዱን ቀደምት ጀብዱ ራሳችን የፈጠርነው ነበር ብሎ አምኗል። እኔ የፈራሁላችሁ ይሄንንም ነው። ጀብዱ የሚጠብቅ ሰው ጠብ በሌለበት ጠብ ያያል።

ልብስ ካስፈለገ የጥምቀት ጊዜ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች አስቡ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ነው፣ ሰው ሲያያቸው መንገድ ይለቃል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።

ከአራቱ አንዱ
ጭምብሉን ተውኩት። እህቴ፣ ከእኔ ትሮጪያለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፍርሃቴ ግን አልሄደም። የእናቴ ሱቅ እዚያው ነው።

ጋሼ ከአራዳ
የእናትህን ሱቅ እኔም አውቀዋለሁ። ብቻችሁን አትወጡም፣ እኔም እወጣለሁ። ሰኞ ጣቢያ ሄደን ስማችንን እናስመዘግባለን፣ የሰዓት እላፊ ካለም አክብረን እንቆማለን። ጠብ ካየን ፖሊስ እንጠራለን፣ አንገባም። ይሄን ቃል ትሰጠኛለህ?

ከአራቱ አንዱ
እሺ ጋሼ፣ ቃሌ ነው። እህቴ፣ ዘበኛው ይቆሙ የነበሩት በየትኛው በር ነው?

አስተናጋጇ
በውስጥ እጽፍልሃለሁ፣ እዚህ አይሆንም። ባትሪው ግን ጥሩ ይሁን፣ መታጠፊያው ሩቅ ነው።

ባጃጅ ነጂው
የእኔ የፊት መብራት ይደርሳል። ቅዳሜ እዚያው እቆማለሁ።