በቃል የተስማሙበት የልጅ ቀለብ በግድ ይከፈል?

አወያይ፦ ሁለት ወላጆች ተለያዩ። ፍርድ ቤት ሳይሄዱ «በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ»፣ «እሺ» ተባብለው በስልክ መልእክት ተስማሙ። ዓመት ሳይሞላ ክፍያው ቆመ። ይህ ስምምነት እንደ ፍርድ ያስገድድ? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የልጅ እናት፦ ያስገድድ እንጂ! የልጄ አባት በገዛ እጁ «ወር በገባ በአምስተኛው ቀን» ብሎ ጽፏል። ብድር ቢሆን በዚሁ መልእክት ይከሰስ አልነበር? ለልጅ ሲሆን ነው እንዴ ቃል የሚረክሰው?

ከፋይ አባት፦ እህቴ፣ ቀስ በይ። እኔም በቃል ተስማምቼ ነው የምከፍለው። ሥራ ያጣሁ ጊዜ ግማሹን ላክሁ፤ የኔ ልጅ እናትም «ችግር የለም» አለች። ያ «ችግር የለም» ነገ ውዝፍ ዕዳ ሆኖ ይምጣብኝ? ጫማውን፣ መድኃኒቱን በእጄ የገዛሁትስ የት ይቆጠራል? እንዲህ ከሆነ ማንም በሰላም አይስማማም። ሁሉም ጠበቃ ይዞ ነው የሚመጣው።

የሕግ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ስለ ራሳችሁ ገንዘብ ነው የምትከራከሩት። ቀለቡ የልጁ ነው። እናት «ይቅር» ስላለች ብቻ የልጁ መብት አይቀርም፤ የብዙ አገር ሕግ እንዲህ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 27 መንግሥታት ቀለብ እንዲያስከፍሉ ያዛል፤ ወላጁ ውጭ አገር ቢኖርም።

ጣጣው አፈጻጸሙ ላይ ነው። መልእክቱ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይደለም። ይዘሽው አሠሪው ዘንድ ብትሄጂ ከደመወዙ አይቆርጥልሽም። ያንኑ ስምምነት ፍርድ ቤት ካጸደቀው ግን ከደመወዝ ማስቆረጥም፣ የባንክ ሒሳብ ማሳገድም መጠየቅ ይቻላል። ወንድሜ፣ አንተንም ይጠቅምሃል። ገቢህ ሲቀንስ እንዲሻሻልልህ ታመለክታለህ። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ድምፁን አጥፍቶ ክፍያ ያቆማል፤ ውዝፍ የሚከመረው ያኔ ነው።

የልጅ እናት፦ ማለቱ ቀላል ነው። «እናጸድቀው» ስለው «አታምኚኝም ማለት ነው?» ነው መልሱ። ከዚያ በኋላ ጸብ ነው።

ከፋይ አባት፦ ልጄን እንዳላይ ስትከለክለኝስ እሷን ማን ያስገድዳታል?

የሕግ ባለሙያ፦ እሱም በፍርድ ቤት ይጠየቃል፣ ግን ለብቻው። ልጄን አላየሁም ብሎ ቀለብ ማቆም አያስኬድም። ቀለብ አልመጣም ብሎ ልጅ መደበቅም እንደዚያው።

ዝምተኛው አንባቢ፦ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ገንዘብ ስትልኩ «የክፍያ ምክንያት» የሚለውን ባዶ አትተዉት። «የዚህ ወር ቀለብ» ብላችሁ ጻፉበት። በእጅ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ «ደርሶኛል» የሚል መልእክት ይኑር። አለዚያ እሱ ሰጥቻለሁ፣ እሷ ስጦታ መስሎኝ፤ ዳኛው ምን ይበል?

የልጅ እናት፦ እሺ፣ ሳይጸድቅ ያለፉት ወራትስ?

የሕግ ባለሙያ፦ እሱ ከባድ ነው። በብዙ ቦታ ቀለብ የሚቆጠረው አቤቱታ ከቀረበ ወዲህ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ስላለሽ የኋላውንም ጠይቂ፤ ግን በእሱ ተማምነሽ ሌላ ወር አታሳልፊ።