ዌር ዘ ቦይስ አር ኮሜዲ ነው እንዴ?

ሲኒማ_ሱሰኛ፦ ሰላም ጓዶች፣ በፈረንጆቹ 1960 የወጣውን ዌር ዘ ቦይስ አር ያየ አለ? ሳቅ በሳቅ ነው ተብዬ ነው የከፈትኩት፣ መጀመሪያው እውነትም ደስ ይላል፣ አራት የኮሌጅ ሴት ልጆች በረዶው ሲያንገሸግሻቸው ለስፕሪንግ ብሬክ (ለጸደይ እረፍት) ፍሎሪዳ ያለችው ፎርት ላውደርዴል ይወርዳሉ፣ ቢቹ በወንድ ተጥለቅልቋል ምናምን፣ ከዛ መጨረሻው አካባቢ ከአራቱ አንዷ ሜላኒ ላይ የሚደርሰው ምንድነው? ሌላ ፊልም የቀየሩብኝ ነው የመሰለኝ።

ቤቲ፦ ስፖይለር አለው፣ ያላያችሁ እለፉት። እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው። ሌላዋ ልጅ ሜሪት ክፍል ውስጥ ከጋብቻ በፊት ስለሚደረግ ወሲብ አስተማሪዋን ፊት ለፊት ስትሞግታት አይተሃል አይደል፣ ያውም በዛ ዘመን! አውርታ ቁጭ አለች፣ ያደረገችው ግን ሜላኒ ናት፤ መጨረሻ ላይ ተደፍራ ፈዛ መንገድ መሃል ስትሄድ መኪና ይገጫታል። ባለ ወሬዋ ከሀብታም ፍቅረኛዋ ራይደር ጋር ታርቃ ቢች ላይ ትቀራለች። ይሄ ፍርድ ነው?

አሮጌ_ካሴት፦ ቤቲዬ በዘመኑ እይው እንጂ። ሆሊውድ ያኔ ሳንሱሩ ገና አልተነሳለትም፣ ሴት ልጅ ከመስመር ወጣች ካሉ ቅጣቷንም ማሳየት ነበረባቸው። እንደውም ነገሩን ደፍረው ማንሳታቸው ይገርመኛል። ደግሞ የሜሪትን ጉድ ልንገርሽ፣ እሷን ሆና የተወነችው ዶሎረስ ሃርት ማለት ከዘፋኙ ኤልቪስ ጋር ሁለት ፊልም የሠራች ልጅ ናት፣ በ1963 ሆሊውድን እርግፍ አድርጋ ትታ ኮኔቲከት ያለ የካቶሊክ ገዳም ገባች። መነኮሰች ነው የምልሽ 😂

ቤቲ፦ ውይ በስመአብ! ያን ሁሉ ተከራክራ?

ጆጆ፦ እኔ የማየው ቲቪና ተግል ለሚባሉት ጥንዶች ስል ነው፣ ሁለቱ ረጃጅሞች፣ ተዋናዮቹን በኋላም ሌሎች ፊልሞች ላይ አጣምረዋቸዋል። ናይት ክለብ ውስጥ ዋናተኛዋ ያለችበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ተከታትለው የሚዘሉባት ቦታ ሁሌ ትገለኛለች። የፊልሙን ዘፈንስ ለምን ዘለላችሁት፣ የዘፈነችው ኮኒ ፍራንሲስ ናት፣ በትወና የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፣ ዜማው የኒል ሴዳካ። ፎርት ላውደርዴል ደግሞ ከፊልሙ በኋላ ተማሪ ጎረፈበትና በ80ዎቹ ከተማው ራሱ ተማርሮ እባካችሁ ሌላ ቦታ ሂዱልን ብሏል። ፊልሙ ላይ ያለው ኤልቦ ሩም የሚባለው ባር ግን አሁንም አለ።

ሲኒማ_ሱሰኛ፦ የ84ቱ ሪሜክስ ይታያል?

ጆጆ፦ ዳታህን አታቃጥል።