የ1999 ሃይሉክስ ልገዛ ነው፣ ያረጀ ፒካፕ ጤነኛ መሆኑን በምን ልወቅ? (አዳማ)

የመልካሳ ሽንኩርት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔ አዳማ ነኝ፣ ከአዋሽ መልካሳና ከዴራ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣሁ አዳማ ገበያ አከፋፍላለሁ። እስካሁን በኪራይ መኪና ነው የምሰራው፣ የጭነቱ ብር ትርፌን ሙልጭ አድርጎ እየበላው ስለሆነ አሮጌም ቢሆን የራሴ ፒካፕ ይኑረኝ ብዬ ቆርጫለሁ። ያገኘሁት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፣ ነጠላ ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ናፍጣ፣ በፈረንጅ የ1999 ሞዴል፣ ኮድ 3 ኦሮ። ባለቤቱ ሞተሩ 5ኤል ነው ይላል። ጌጁ ላይ 187 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነበባል። ሁለት ሚሊዮን ጠይቆኝ አሁን 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ደርሷል። ቀለሙ አዲስ ነው ያብረቀርቃል፣ ወንበሩም ተለብሷል። ቅዳሜ ከሰአት ሄጄ ሳስነሳው በአንድ ቁልፍ ተነሳ፣ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ዞርንበት ምንም የሚያሰጋ ድምፅ አልሰማሁም።

ባለቤቴ ግን "ይሄን ያህል ዘመን የኖረ መኪና ዘመድ ነው እንጂ መኪና አይደለም፣ እየሄድሽ ስትጠይቂው ነው የምትኖሪው" እያለ ይስቅብኛል። ደላላው ደሞ ሌላ ሰው ነገ ቀብድ ሊያስይዝ ነው እያለ ያጣድፈኛል። ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፣ በቀን ከ8 እስከ 10 ኩንታል ነው የምጭነው። ምን ምን ልይ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የወንጂ ልጅ፦
እህቴ ሃይሉክስ አይሞትም፣ ግዢው። አባቴ አንድ ነበረው ከሸንኮራ ማሳ ጭቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ራሱን ጎትቶ ወጥቷል።

ግራሶ፦
ኧረ ወንድሜ ቀስ፣ አይሞትም እያላችሁ ነው ሰው ሬሳ የሚገዛው። የአባትህን ሃይሉክስ እኮ አይደለም የምትገዛው፣ ስንት ሰው እጅ ላይ እንደነበረ የማይታወቅ ሌላ መኪና ነው። ሞዴሉ ጥሩ ነው እሱ ላይ አንጣላም፣ 5ኤል 2986 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ የለውም ኮምፒውተር የለውም፣ የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ የትም ሰፈር የሚፈታው ሰው አይጠፋም። ግን በዚህ እድሜ መኪናውን የሚገልፀው ስሙ ሳይሆን ያለፈበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ጌጁን እርሺው። 187 ሺህን ለ25 አመት አካፍይው፣ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ኮድ 3 መኪና በቀን 20 ኪሎ ሜትር! አንቺ መልካሳ አንዴ ደርሰሽ ብትመለሽ እንኳን ከዛ ይበልጣል። የፍሬን ፔዳሉን ጎማና መሪው እጅ የሚይዝበትን ቦታ እይ፣ ወንበር ይለበሳል ፔዳል ግን ብዙ ሰው ትዝ አይለውም።

ሁለተኛ ቅዳሜ ከሰአት በአንድ ቁልፍ ተነሳ ያልሽው ለኔ ምንም አልነገረኝም፣ ከሰአት ሲሆን ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ይሆናል። ናፍጣ የሚፈተነው ጠዋት በብርድ ነው። ነገ እመጣለሁ ብለሽ ሳትነግሪው ጠዋት 12 ሰአት በሩ ላይ ተገኚ፣ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፣ ሞቅ ካለ አስነስቶ ነው የጠበቀሽ፣ ትተሽ ተመለሽ። ቀዝቃዛ ከሆነ ሳይነሳ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ (በቀዝቃዛው ብቻ፣ ትኩስ ከሆነ ፊትሽን ያቃጥልሻል)። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይ ደሞ ሞተሩ ተነስቶ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይ ጓርኒሲዮኑ (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ሄዷል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላ ሲነዳው ከኖረ ደሞ ውሃው ሻይ መስሎ ታገኝዋለሽ፣ ያ ራዲያተር ዳገት ላይ ይፈላል፣ እነዚህ ሞተሮች ደሞ አንዴ በደንብ ከፈሉ ቴስታታ ይሰነጠቃሉ።

ከዛ ጭሱ። በብርድ ሲነሳ ትንሽ ነጭ ወጥቶ ከጠፋ ችግር የለውም ካንዴሊታ (ሞተሩን በብርድ የሚያሞቀው) ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል። ጥቁር ጭስ ዳገት ላይ ሲረገጥ ትንሽ ይኖራል፣ ሲቆም ካልጠፋ ግን ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተርና ፖምፓው ነው። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርገሽ እዛው ላዩ ላይ አስቀምጪው፣ ክዳኑ የሚጨፍር ከሆነና እንደ ጀበና የሚተነፍስ ከሆነ በቃ ሬክቲፊካ (ሞተሩ ተፈቶ መታደስ) ሊገባ ነው።

አባ ባሌስትራ፦
ግራሶ ሞተር ሞተር ትላለህ፣ ሞተር ይቀየራል። ፒካፕ የሚሞተው ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው የብረት አፅም) ላይ ነው። እህት መኪናው ባዶውን ሜዳ ላይ ቁሞ ከጎን ራቅ ብለሽ እይው፣ በጋቢናውና በካሶኑ (ጭነት በሚጫንበት) መሀል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ነው? ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ወይ ተገላቢጦሽ ከሆነ ሻንሲው ታጥፏል፣ ከአቅም በላይ ሲጫን የኖረ ነው። የባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ቅጠሎች ቁጠሪ፣ ሁለቱ ጎን እኩል ነው ወይ፣ ቅጠል ተጨምሮበታል ወይ፣ መልኩ ካንዱ የሚለይ ቅጠል ካለ ተጨምሯል። ቶን የሚጭነውን 20 ኩንታል የሚጭኑበት ሰዎች አሉ እኮ። ከስር ደሞ ገብተሽ እይ፣ በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበት አካባቢ። ከስር ያለው ጥቁር ቀለም አዲስ ከሆነ ማነው ሻንሲ ቀለም የሚቀባ? ብየዳ የሚደብቅ ነዋ!

የወንጂ ልጅ፦
እንደዚህ ከሆነ ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ሃይሉክስ ቪጎ ዲፎርዲ ብትገዛ አይሻላትም? ጨመር አድርጋ።

ግራሶ፦
ጨመር? ኪሷን ታውቃለህ እንዴ። ዲፎርዲ ጉልበት አለው አልክድም ግን ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በኮምፒውተር በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ) ነው፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ አንዴ ከጠጣ የኢንጀክተሩ ብር አንድ ወር ሽንኩርት ነግዳ አታገኘውም። የ3.0 ሊትሩ ደሞ የኢንጀክተሩ የመዳብ ማሸጊያ ሲያልቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይት እየገባ ካርቦን ይሰራና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይዘጋዋል፣ ዘይት አጥቶ የነከሰ (ተጣብቆ የቆመ) ሞተር በአይኔ አይቻለሁ። የሚትሱቢሺ ኤል 200ም እንዳትሉ፣ መጥፎ አይደለም ግን 4ዲ56 የሚባለው ሞተሩ ሁለት ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ነው ያለው፣ ትንሹ ሲበጠስ ትልቁን ይዞት ይሄዳል።

ቺንጋ ስል አስታወሳችሁኝ። 5ኤልም ቺንጋ ነው፣ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ፒስተን ይመታቸዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት አለው፣ ቁልፍ ስትከፍቺ በርቶ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አውጥተውታል። መቼ እንደተቀየረ ማረጋገጫ ከሌለ የቺንጋውን ብር ከዋጋው ላይ ቀንሺ፣ ገዝተሽ የመጀመሪያው ሳምንት ቀይሪው።

ኮድ 3፦
እኔ ደሞ ወረቀቱን ልንገርሽ ምክንያቱም እኔ በወረቀት ነው የተቃጠልኩት። ሊብሬውን ይዘሽ የሻንሲ ቁጥሩን ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ፣ ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ ተመቶ ታገኝዋለሽ፣ የተፈጨ ወይ የተበየደ የሚመስል ነገር ካለ ሩጪ። የሞተር ቁጥሩንም እንደዛው። ከዛ ከሻጩ ጋር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ እገዳ ወይ የባንክ እዳ እንደሌለበት አስጠይቂ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ጠይቂ፣ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። በውክልና እሸጥልሻለሁ የሚል ከመጣ በቃ እዛው ቻው። ደላላው ስለ ቀብዱ የሚለውን አትስሚ፣ እኔንም "ሌላ ሰው አለ" ብለው ሲያጣድፉኝ ሌላው ሰው የደላላው ወንድም ነበር ሃሃ።

ሸገር ያለሁ ናዝሬቴ፦
ዋጋው ለምን እንዲህ ሰማይ እንደነካ ለሚገርመው፣ በ2012 ኤክሳይስ ታክሱ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፣ በ2016 ደሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲባል እዚህ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆነ። ስለዚህ 1.85 ውድ ነው ብላችሁ አታስደንግጧት፣ ጥያቄው መኪናው ያወጣዋል ወይ ነው።

የመልካሳ ሽንኩርት፦
ተመለስኩ! እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰአት ሳልነግራቸው ሄድኩ፣ ባለቤቱ በነጠላ ወጣ፣ ደነገጠ። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሶስት ጊዜ ቁልፍ ከተጠመዘዘ በኋላ ተነሳ፣ ነጭ ጭስ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨሶ ጠፋ። የዘይት ክዳኑ አልጨፈረም። የራዲያተሩ ውሃ ቀይ ሻይ ነው። ቲ-ቤልት የሚለው መብራት ጭራሽ አልበራም። ክፍተቱ ከላይ ሁለት ጣት ሰፊ ነው፣ ከታች አንድ ጣት እንኳን አይገባም።

ዋናው ግን ይሄ ነው፣ የሞተር ቁጥሩን በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ሳነበው በ3ኤል ይጀምራል፣ ሊብሬው ላይ ደሞ 5ኤል ነው የሚለው፣ 2986ም ይላል። ባለቤቱን ስጠይቀው አንዴ ነክሶ ከሶማሌ ተራ ሌላ ሞተር አስገብቼለት ነው፣ "ያው ቶዮታ ነው ምን ለውጥ አለው" አለኝ። ምን ይሻላል?

ግራሶ፦
በሞተርነቱ ለውጡ ብዙ አይደለም፣ 3ኤልም 2.8 ነው፣ 2779 ሲሲ፣ እንደውም ጠንካራ ሞተር ነው። ግን 5ኤል ብሎ ሸጦልሽ ነበር፣ ይሄን ከዋሸ ያልጠየቅሽውንስ? ያኛው ሞተር ለምን ነከሰ? ያንን የሻይ ውሃ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ኮድ 3፦
በወረቀት በኩል ደሞ ስም ይዛወርልኝ ስትይ ቁጥሩ አይገጥምም ተብሎ እዛው ይቆማል። መጀመሪያ እሱ በራሱ ስም የሞተር ለውጡን ያስመዝግብ፣ ሞተሩን የገዛበትን ደረሰኝ ያቅርብ፣ ከዛ በኋላ ስለ ዋጋ አውሩ። አንድ ብር ቀብድ እንዳትሰጪ። (በየአመቱ ቦሎ እንዴት እንዳገኘበት አትጠይቁኝ።)

አባ ባሌስትራ፦
ሁለት ጣትና አንድ ጣት? እህቴ ወረቀቱንም ተዪው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አስገብተሽ ከስር አሳዪው፣ እኔ ግን የሚገኘውን ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

የመልካሳ ሽንኩርት፦
አሳየሁት። አንድ መካኒክ 1500 ብር ከፍዬ ከስር ገባ፣ ከኋላ በግራ በኩል ጥቁሩን ቀለም በጠመንጃ መፍቻ ሲፍቀው የመዳፍ ስፋት ያለው ብረት ተለጥፎ ተበይዶበታል። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ "አላውቅም እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት" አለ። ትቼው መጣሁ። ማታ ደላላው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብሎ ደወለ፣ ያ ቀብድ ሊያስይዝ የነበረው ሰውዬ የት እንደሄደ ብጠይቀው ዘጋው።

ባለቤቴ መሳቁን ትቷል፣ አሁን እሱ ራሱ ነው ፒካፕ የሚፈልገው። የድርጅት የነበረ በጨረታ የተሸጠ በፈረንጅ የ2002 ነጠላ ጋቢና ሞጆ አካባቢ አለ አሉን፣ የሰርቪስ ደብተሩ ሳይቀር አለው ይላሉ። እሁድ ልናየው ነው። ግራሶ አንተ አዳማ ከሆንክ የድካምህን እንከፍልሃለን ብትመጣልን?

ግራሶ፦
ደብተሩን ቀድመሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺልኝ፣ ኪሎ ሜትሩ ከገፅ ወደ ገፅ እየጨመረ ይሄዳል ወይስ ወደ ኋላ የሚመለስበት አለ የሚለውን አያለሁ። ደህና ከሆነ አሰላ ዳገት ላይ ጭነት ጭነን ነው የምንሞክረው፣ ከአዋሽ ድልድይ ጀምሮ እስከ ኢተያ አቀበት ነው፣ ሙቀቱንም ፍሪሲዮኑንም (ክላቹን) እዛ እናየዋለን። ቱርቦ የሌለው መኪና ስለሆነ ዳገት ላይ ቢለግም አትደንግጪ፣ የሙቀት መርፌው ግን መሀል ላይ መቆም አለበት። እሁድ 12 ሰአት እመጣለሁ፣ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ።